ናፍጣዋ ለምን ፈላች? የአሮጌ መስክ መኪና ሙቀት ከየት ይፈለጋል

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ናችሁ። ሁለተኛ ማርሽ ገብቷል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጧል። ለግማሽ ሰዓት ከመሃል ንቅንቅ ያላለው የሙቀት መርፌ ድንገት ተነሥቶ ወደ ቀዩ መሄድ ይጀምራል። ቆማችሁ ኮፈኑን ስታነሡ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታል።

ከዚህ በኋላ ምክር ይጎርፋል። አንዱ «ራዲያተር ነው» ይላል። ሌላው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ትገላገላለህ» ይላል። ሦስተኛው አንገቱን እየነቀነቀ «ቴስታታ ነው» ብሎ ልብ ይሰብራል። የሚገርመው ግን ከሦስቱ ማንኛቸውም የጠቆሙት ዕቃ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሦስቱም ሳያዩ መናገራቸው ነው።

የምትፈላ ናፍጣ መኪና ኪስ የምታራቁተው በሽታው ሁልጊዜ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ዕቃ በግምት ስለሚቀየር ነው። ራዲያተር ይቀየራል፣ አሁንም ትፈላለች። ውሃ ፓምፕ ይቀየራል፣ አሁንም ትፈላለች። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የላላ ቺንጋ፣ ማለትም ፓምፑንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፦ የምትፈላው መቼ ነው? እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ሙቀቱ ራሱ ወዴት እንደሚሄድ እንይ።

ሙቀቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ሞተሩ ከሚያቃጥለው ናፍጣ ጎማ የሚያዞረው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላው ሲሶ በማርሚታ በኩል ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረው በአብዛኛው በውሃው በኩል መውጣት አለበት።

ከላይ ቧንቧ የሚሞላው፣ ከታች ሌላ ቧንቧ የሚያፈስሰው በርሜል አስቡ። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ከሆነ ውሃው ከፍ ዝቅ አይልም። ሞተርም እንደዚያው ነው። መርፌው መሃል ቆመ ማለት ሞተሩ አልሞቀም ማለት አይደለም። የገባው ሙቀት በገባበት ልክ እየወጣ ነው ማለት ነው።

የውሃው መንገድ አጭር ነው። ውሃ ፓምፑ በራዲያተሩ ታች የቀዘቀዘውን ይስብና በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ይገፋዋል። ከዚያ ወደ ቴስታታ ይወጣል። ቴስታታ ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው፣ ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ ነው። በእሱና ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል እንደ ሳንድዊች የተጣበቀው ስስ ማሸጊያ ደግሞ ጓርኒሲዮን ይባላል። ከቴስታታ የወጣው ትኩስ ውሃ ቴርሞስታት የሚባል በር ይጠብቀዋል። በሩ ሲከፈት በላይኛው ቱቦ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፣ እየቀዘቀዘ ይወርዳል፣ እንደገና ወደ ፓምፑ ይመለሳል።

እንግዲህ መኪና የምትፈላው ሞተሩ ከልክ ያለፈ ሙቀት ሲያመነጭ፣ ውሃው ሙቀቱን መሸከም ሲያቅተው፣ ወይም ንፋሱ ከራዲያተሩ መቀበል ሳይችል ሲቀር ነው። አራተኛም አለ። እሱ ሙቀት ሳይኖር መርፌው ሲዋሽ ነው።

መርፌውን ልመነው?

በግማሽ ልብ። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች የነዳጅና የሙቀት ጌጅ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ትንሽ ማረጋጊያ ነው። ሁለቱ መርፌዎች አብረው ከፍ ካሉ ናፍጣ በመንገድ ላይ አይበዛምና ተበላሽታ የተገኘችው ያቺ ማረጋጊያ ናት። የፊት መብራት ሲበራ መርፌው የሚዘል ከሆነ ደግሞ ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ ፈትሹ።

የባሰው ውሸት ግን የተገላቢጦሹ ነው። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በትክክል የሚያነበው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ሁሉ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩም «ተመስገን፣ ቀዘቀዘች» ብሎ ይቀጥላል። ብዙ ሞተር የሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ መኪኖች ላይ መርፌው ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለ መሃል እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲነቃነቅ ነገሩ አልፏል። አሮጌ ናፍጣ ይዞ ሩቅ ለሚሄድ ሰው በቁጥር የሚያሳይ ተጨማሪ የሙቀት መለኪያና ውሃ ሲጎድል የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ማስገባት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከጌጥ መብራት ሁሉ ይቀድማል።

የምትፈላው መቼ ነው?

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ቆማ ወይም በዝግታ ስትሄድ የምትፈላ ከሆነ፣ በፍጥነት ስትነዳ ደግሞ የምትቀዘቅዝ ከሆነ፣ ጉድለቱ ንፋስ ነው። በፍጥነት ስትሄዱ መንገዱ ራሱ ንፋስ ይሰጣል። ስትዘገዩ ግን ሁሉም ነገር በቬንትሌተሩ፣ በራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቬንትሌተሩን፣ ቺንጋውንና በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለውን ንፋስ ሰብሳቢ ሽፋን እዩ። ይህ ሽፋን ለሥራ አይመችም ተብሎ ይፈታና ጥግ ይጣላል። ያለ እሱ ቬንትሌተሩ የሚስበው በራዲያተሩ በኩል የሚመጣውን ሳይሆን ከጎን ያገኘውን ትኩስ አየር ነው። ቢሽከረከርም ዋጋ የለውም።

በፍጥነት ወይም በረጅም ዳገት ብቻ የምትፈላ ከሆነ ደግሞ ንፋስ አለ፣ ጉድለቱ ከውሃው ጉዞ ነው። የራዲያተሩ ቧንቧዎች ከውስጥ በዝገትና በኖራ ተደፍነው ሊሆን ይችላል። የፓምፑ ምላሶች በዝገት ተበልተው ሊሆን ይችላል። ወይም የታችኛው ቱቦ አርጅቶ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ፓምፑ ሲስበው እንደ ተመጠጠ ገለባ ይጣበቃል። ይህ የመጨረሻው ቆማችሁ ስታዩት ምንም አይታይም። ሞተሩ ሞቆ አንድ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ ሌላው ቱቦውን ማየት አለበት።

ገና ተነሥታ ጥቂት ደቂቃ ሳትሄድ የምትፈላ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም ውሃው ውስጥ አየር ታፍኗል፣ ወይም የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ካጠፋችኋት በኋላ ብቻ የምታንተከትክ ከሆነ ብዙም አትደንግጡ። ፓምፑ ቆሟል፣ ብረቱ ግን ገና ትኩስ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ይህ ከልክ ካለፈ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታፖው፣ የራዲያተሩ ክዳን፣ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

ስለ ናፍጣ ልዩ ጠባይ አንድ ነገር ልጨምር። ናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ የሚያቃጥለው ነዳጅ በጣም ጥቂት ነው። የሚያስገባው አየር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሲሠራ ሙቀት መጠበቅ ራሱ ይከብደዋል። በብርድ አገር ናፍጣ የሚነዳ ሰው ይህን ከማሞቂያው ያውቀዋል። እንግዲህ ኤሲ ሳይበራ፣ ጭነት ሳይኖር፣ ሚኒሞ ላይ ብቻ ቆማ የምትፈላ ናፍጣ ካጋጠመቻችሁ ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ምን ልይ? ምንስ ልንካ?

ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ።

በመስክ መኪና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ነው። ኤሲ ያላት መኪና ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ተመሳሳይ ነገር አለባት፣ የኤሲው ኮንደንሰር። ከፊት ስታዩት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ቆሻሻው የሚሰበሰበው በሁለቱ መካከል ባለችው የጣት ስፋት ክፍተት ነው። የሣር ፍሬ፣ የነፍሳት ክንፍና የደረቀ ጭቃ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። የራዲያተሩን ማሰሪያ ፈትታችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጉት ቁርጥራጩ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ሲወጣ ታያላችሁ። ስታጥቡት ከሞተር በኩል ወደ ፊት ይሁን፣ ቆሻሻው በመጣበት እንዲመለስ። ኃይለኛ የውሃ መርጫ አስጠግቶ መርጨት ቀጫጭኖቹን ቆርቆሮዎች ያጣምማቸዋል። ከዚያ በኋላ ንፋስ አያልፍም። ፊት ላይ የተደረደሩ ተጨማሪ መብራቶችና ዊንችም ንፋስ ይጋርዳሉ።

ቀጥሎ ቬንትሌተሩ። በብዙ አሮጌ ናፍጣዎች ላይ መሃሉ ላይ ቪስኮስ የሚባል፣ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የያዘ ክብ ነገር አለ። ፊቱ ላይ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ትንሽ ብረት ይታያል። ከራዲያተሩ የሚመጣው ንፋስ ሲሞቅ ያቺ ብረት ትዞርና ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ትከፍታለች። ዘይቱ ገብቶ ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር ያይዘዋል። ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ዘይቱ በጊዜ ብዛት ካለቀ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ግን ንፋስ አይስብም። ሲታይ ደህና ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አጥፉት፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን በእጅ ግፉት። ጠንከር ብሎ እንቢ ማለት አለበት። ገፋ ስታደርጉት ብቻውን ሲሽከረከር ከቆየ ሞቷል። ሞተሩ እየሠራ በጋዜጣ ወይም በእንጨት ለማቆም የሚሞክሩ አሉ። ጣት ይበላል፣ ተዉት።

ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ እዩ። ከጎኑ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እየተንሸራተተ ነው። ከውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ እንድታሳይ የተሠራች። ከእሷ ቁልቁል የወረደ የደረቀ ነጭ ወይም ዝገት መስመር ካያችሁ ፓምፑ መሰናበቻው ቀርቧል።

ራዲያተሩ ከውስጥ መደፈኑን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ፊቱን ቃኙት። ሙቀቱ ከሚገባበት ወደሚወጣበት ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሃል ላይ ድንገት የቀዘቀዘ ቦታ ከተገኘ እዚያ ውሃ አያልፍም።

አንዲት ታፖ ይህን ያህል ልታደርግ ትችላለች?

ትችላለች። ታፖዋ ክዳን ብቻ አይደለችም፣ ግፊት ጠባቂ ናት። ውሃ ሲታመቅ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። 0.9 ባር የምትይዝ ታፖ ውሃው እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ እንዳይፈላ ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ከፍታ እንውጣ። ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ስትወጡ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2400 ሜትር ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። የብዙ ናፍጣ ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ገደማ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ገደማ ነው። ስሌቱን አያችሁት? ታፖዋ ግፊት ካልያዘች ሞተሩ በጤናማ ሙቀቱ ሳለ ውሃው ይፈላል። ምንም ያልተበላሸ ሞተር ማለት ነው። የታፖው ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ሌላ ነገር ሳትነኩ ቀይሩት፣ ግን በራሱ የግፊት ቁጥር። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከፍ ያለ ግፊት የተሻለ መስሎት የሚጨምር ሰው የደከመውን ቱቦ ወይም ራዲያተር ያፈነዳል።

ለመፍላት ነጥቡ ኩላንትም፣ ማለትም ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ፣ ያግዛል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ከባዶ ውሃ ዘግይቶ ይፈላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ዝገት መከልከሉ ነው። ለዓመታት ባዶ ውሃ ሲሞላላት የኖረች መኪና ራዲያተሯ ውስጥ የሚገኘው ቡናማ ጭቃ የሞተሩ የራሱ ብረት ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቼ ብጥለውስ?

ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ ተስፋፍቷል፣ ከሁሉም ይልቅ ያናድደኛል። ሐሳቡ «በሩን ብናነሣው ውሃው እንደ ልብ ይፈስሳል» ነው። ልክ ይመስላል።

ቴርሞስታት ግን በብዙ ሞተር ላይ ሁለት በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ዘግቶ፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እንዲዞር አቋራጩን ይከፍታል። ሲሞቅ ራዲያተሩን ይከፍትና በሌላኛው ጫፉ አቋራጩን ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል። ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። መኪናዋ ዳገት ላይ ከበፊቱ ብሳ ትፈላለች። በሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ አይሞቅም፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ሁለት ጉዳት በአንድ መፍቻ።

ጥርጣሬ ካላችሁ መፈተን ቀላል ነው። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ንከሩት፣ የድስቱን ሥር እንዳይነካ። ከአጠገቡ ቴርሞሜትር አስገቡ። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ፣ በብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አካባቢ ሲደርስ፣ ውስጡ ያለው ሰም እየቀለጠ ያብጥና በሩን ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ሲከፈት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ካልተከፈተ፣ ወይም ከተከፈተ በኋላ ሲቀዘቅዝ ካልዘጋ፣ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

ቴስታታ ቢሆንስ?

ሁሉም የሚፈራው ይህንን ነው፣ ምክንያትም አለው። ብዙ አሮጌ ናፍጣ አየሩን ወደ 20 ለ1 ገደማ ያምቃል። ጓርኒሲዮኑ ከተበላ ወይም ቴስታታው ከተሰነጠቀ ያ ግፊት በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል። እንደ ሚትሱቢሺ 4ዲ56 እና እንደ ላንድ ሮቨር 300 ቲዲአይ ያሉ ሞተሮች የብረት ብሎክ ላይ የአልሙኒየም ቴስታታ የተቀመጠባቸው ናቸው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላች መኪና ላይ ቴስታታው የመጣመም ዕድሉ ትልቅ ነው። ማለትም ቴስታታ የመፍላት ምክንያት ብቻ አይደለም፣ ውጤትም ነው። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መጀመሪያ ያፈላትን ነገር አለመፈለግ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

የጠዋት ፈተና አለ፣ መሣሪያ አይፈልግም። መኪናዋ አድራ ሙሉ በሙሉ ስትቀዘቅዝ አስነሷት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ከቬንትሌተሩ እየተጠነቀቃችሁ የላይኛውን ቱቦ ጨምቁት። ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ግፊቱ ከሙቀት የመጣ አይደለም። ከሲሊንደር ነው። ታፖውን ከማስነሣታችሁ በፊት ከፍታችሁ ውሃውን ማየትም ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የሚወጡ ጥቂት አረፋዎች የታፈነ አየር ሊሆኑ ይችላሉ። ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን ጋዝ ነው።

ጋራዦች ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት የመፈተሻ ጠርሙስ አላቸው። የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ቀለሙ ይቀየራል። እዚህ ላይ ናፍጣ ያታልላል። ሚኒሞ ላይ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት ስለሆነ ፈሳሹ ቀለም ሳይቀይር ሊቀር ይችላል። ስንጥቁም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ሲሞቅ ብቻ ነው። ፈተናው መኪናዋ በደንብ ከሠራች በኋላ ይደገም።

ውሃው ደህና፣ ንፋሱ ደህና፣ አሁንም ትፈላለች?

ያኔ የበርሜሉን የላይኛ ቧንቧ እዩ። ምናልባት ከልክ በላይ እየሞላ ነው። «ጉልበት ይጨምር» ተብሎ የናፍጣ ፓምፑ ከፍ ተደርጎ ከነበረ፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኖ ከሆነ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታያላችሁ። ጥቁር ጭስ ማለት ለናፍጣው የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የቶዮታው ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣ ነው። ቱርቦ የሚጨምሩለት ብዙ ናቸው። ራዲያተሩ ግን የታሰበው ለመጀመሪያው ጉልበት ነበር።

አነዳድም አለበት። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ ዳገት መውጣት ፓምፑንና ቬንትሌተሩን ያዘገያቸዋል፣ ሥራው ግን ያው ነው። አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ መርፌውን ይመልሰዋል።

መንገድ ላይ ብትፈላብኝስ?

ኤሲውን አጥፉ። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ላብ ያሰምጣችኋል፣ ይሁን። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ከሆነ ግን መጥፎ ዜና ነው። ውሃው አልቋል ወይም አይዞርም ማለት ነው፣ ወዲያው አጥፉ። እንፋሎት ካያችሁም እንደዚያው።

ውሃው ካልፈሰሰ ደግሞ በድንገት አታጥፏት። ቆማችሁ በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ ላይ አሠሯት፣ ፓምፑና ቬንትሌተሩ ሥራቸውን ይጨርሱ። ታፖውን የላይኛውን ቱቦ በባዶ እጅ ይዛችሁ መቆየት እስክትችሉ ድረስ አትንኩት። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይተፋል፣ ፊት ያቃጥላል። ስትሞሉም በቀዘቀዘ ሞተር ላይ፣ ቀስ በቀስ ይሁን። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት መሰንጠቅ ነው።

ከሞላችሁ በኋላ ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ ታፖውን ሳትገጥሙ ጥቂት አሠሯት፣ የታፈነው አየር ይውጣ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከማስነሣታችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩ። ትንሽ ወርዶ ከሆነ አየር ነበር፣ ሙሉት። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ፣ ከሥሯም ምንም ጠብታ ከሌለ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጓን አውጥታችሁ ቀለሙን አስተውሉ፣ ስትነሣ የማርሚታውን ነጭ ጭስ አሽትቱ። ኩላንት ሲቃጠል ሽታው ጣፋጭ ነው።